ከፊቴ ሆነህ ተከተለኝ

አንድ ጊዜ፣ ሰኔ ገና ሲገባ፣ ጉሽ በሚባል ወንዝ ዳር የሚኖሩ አራዊት ሁሉ መልካው ላይ ተሰበሰቡ። መልካ ማለት ወንዙ ሳይጠልቅ በእግር የሚያሻግርበት ቦታ ነው። የጉሽ መልካ ግን እንደ ሌላው መልካ አርፎ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ውሃው ድፍርስ ነው፤ ታቹ አይታይም፤ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ድንጋዩ ይንከባለልና ትናንት ጉልበት ድረስ የነበረው ዛሬ አንገት ድረስ ይሆናል። ስለዚህ በየጊዜው መንገዱን ፈልጎ የሚያሻግር የመልካ መሪ ያስፈልጋል። የመልካ መሪ የሆነ እንስሳ ደግሞ በንጉሥ አንበሳ አዋጅ በማንም አይበላም።

ይህን አዋጅ ልብ በሉልኝ። ለአንዲት አህያ ከዚህ የሚበልጥ ሹመት የለም።

ወንዙን ለብዙ ዘመን የመሩት እማማ በቅሎ ነበሩ። ጉልበታቸው ሲደክም አህዪትን አስተምረው ባለፈው ዓመት መሪ አሰኟት። አህዪት ሥራዋን ታውቃለች፤ ይህን ማንም አይክድም። ችግሩ ማወቋንም በደንብ ታውቃለች። ገና አንድ ክረምት አሻግራ፣ ስትራመድ ስትታይ ወንዙን ራሷ የቆፈረችው ትመስል ነበር።

ንጉሥ አንበሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዘንድሮ ተሻጋሪው በዝቷል፤ አንድ መሪ አይበቃንም። አንድ ተለማማጅ መርጠናል፤ አህዪት ታሠለጥነዋለች። ጳጉሜን ሦስት ቀን እናቴ ለዓመት በዓል ከማዶ ትመጣለች። የሚያሻግራት ተለማማጁ ነው። አህዪት ከኋላ ሆና ታያለች እንጂ አትመራም፣ አትናገርም። እናቴ በደህና ከተሻገረች ሁለቱም መሪዎች ናቸው። እናቴ አንድ ጉንጭ ውሃ ከጠጣች ግን ሁለቱም መሪዎች አይደሉም።»

«መሪ አይደሉም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማሰብ አህዪት ጊዜ አልፈጀባትም። መሪ ያልሆነች አህያ ምሳ ናት።

«ተለማማጁ ማን ነው ጌታዬ?» አለች ድምፅዋ እየቀጠነ።

ከሕዝቡ መካከል አያ ጅቦ ምላሱን አንጠልጥሎ ብድግ አለ።

«አቤት! አለሁ!»

አንበሳ ጅቦን የመረጠው ጎበዝ ስለሆነ አይደለም። ሥራውን እፈልጋለሁ ያለ እሱ ብቻ ነበር። ጅቦም የፈለገው ለመሪ ከንጉሡ ማዕድ አጥንት ይሰጠዋል የሚል ወሬ ሰምቶ ነው። ወሬውን ማን እንደነገረው ልብ አላለም፤ አጥንት የሚል ቃል ከሰማ በኋላ ጅቦ ሌላ ነገር አይሰማም።

ሕዝቡ ሲበተን እማማ በቅሎ አህዪትን ጠሯት።

«ልጄ፣ ከነገ ጀምሮ ሦስት ጠዋት ወደ ዋሻዬ ነይ። ማሠልጠን እንዴት እንደሆነ አሳይሻለሁ።»

«እማማ ደግሞ! መልካውን አላውቀውም እንዴ?»

«መልካውንማ ታውቂዋለሽ። ጅቦን ግን አታውቂውም» አሉና እያነከሱ ሄዱ።

ይህን ሁሉ ከቁጥቋጦ ሥር ሆኖ የሚሰማ አንድ ነበር። ቀበሮ ነው። ጅብ አህያ በበላ ቁጥር ትራፊ የሚቃርመው እሱ ስለሆነ ነገሩ በቀጥታ ይመለከተው ነበር።

«አህዪትዬ፣» አለ ጅራቱን አቧራ ላይ እየጎተተ፣ «ምክር ልስጥሽ? ስለማዝንልሽ ነው።»

«ስጠኝ።»

«ሦስት ጠዋት በቅሎ ዋሻ ስትመላለሺ አገር ቢያይ ምን ይላል? ‹ሥራዋን ሳታውቅ ነው የተሾመችው› አይልም?»

«ይላል እንዴ?»

«እኔ ራሴ እላለሁ። ደግሞ የምታውቂውን ሁሉ እንዳትነግሪው። እሱ ካወቀ አንቺ ለምን ታስፈልጊያለሽ? ሌላው . . .» ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ «ምን ቢሆን፣ ምን ቢመጣ፣ ጅብ ከኋላሽ አታስከትዪ።»

ይህ የመጨረሻው እውነት ስለነበር አህዪት የፊተኞቹም እውነት መሰሏት። ቀበሮ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ውሸቱን ብቻውን አያቀርብም፣ አንድ እውነት ጣል ያደርግበታል።

በማግሥቱ አህዪት ወደ በቅሎ ዋሻ አልሄደችም። በቀጥታ ወደ ወንዙ ወረደች።

አሁን የመልካን ሥራ ልማድ ልንገራችሁ። ተለማማጅ ከመሪው ኋላ ይሄዳል። የመሪው ኮቴ የት እንዳረፈ እያየ የራሱን ያሳርፋል፤ መሪው የት እንደቆመ፣ ወዴት እንደታጠፈ፣ ሁሉን ከኋላ ሆኖ ይማራል። ከጥንት ጀምሮ ሥራው የተላለፈው እንዲህ ነው። በቅሎ አህያን ስታስተምር ይህ ልማድ ችግር አልነበረበትም። አህያ ጅብን ስታስተምር ምን ይሁን ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

«አያ ጅቦ፣ ተከተለኝ!» አለች አህዪት።

ጅቦ ከኋላዋ መጣ። አህዪት ዞር ብላ ስታይ ዓይኑን ጭኗ ላይ ተክሏል፤ ለሃጩ ጠብ ጠብ ይላል።

«ከኋላዬ አይደለም!» ብላ ጮኸች።

«ታዲያ ከየት?»

«ከፊቴ!»

ጅቦ ራሱን አከከ። «ከፊትሽ ሆኜ . . . ልከተልሽ?»

«አዎ! ከፊቴ ሆነህ ተከተለኝ! ይህ ምን ያስቸግራል?»

ጅቦ ብልህ አይደለም፤ የታዘዘውን ግን ይሞክራል። ፊቱን ወደ አህዪት አዞረና ወደ ኋላ እየተራመደ ወንዙ ውስጥ ገባ።

«ወደ እኔ አትይ!»

ፊቱን ወደ ማዶ መለሰ። አሁን ደግሞ የሚከተላት አልታይ ስላለው በየሁለት እርምጃው ይቆማል።

«አለሽ?»

«አለሁ!»

«ወዴት ልትታጠፊ ነው?»

«ዝም ብለህ ተከተል!»

ማዶ የተቀመጡ ዝንጀሮዎች ሆዳቸውን ይዘው ተንከባለሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁርሳቸውን ይዘው እየመጡ ያዩ ነበር።

ሰኔ አለቀ፤ ሐምሌም ተጋመሰ። አህዪት ጅቦን ቀኑን ሙሉ ፊቷ አቁማ መዋል ስለከበዳት ሥራ ትፈጥርለት ጀመር። ሣር ያጭድላታል። ዝንብ ያባርርላታል፤ ዝንቡን የሚያባርረው ግን ከሩቅ ሆኖ በረጅም ቅርንጫፍ ነው።

«ሣሩን በአፍህ ይዘህ አምጣው። እንዳትውጠው!» ትለዋለች።

«ሣር ማን ይውጣል?» ይላል ጅቦ ከልቡ ተገርሞ።

ወንዝ ውስጥ ሲገቡ ጅቦ መጠየቅ ያበዛል።

«አሁን ለምን ቆምን?»

«ስለቆምን።»

«ለምን ወደ ግራ ሄድን?»

«እኔ ተለማማጅ ሳለሁ እንዲህ አልለፈልፍም ነበር!»

እውነቱን ለመናገር አህዪት የምትቆመው ውሃውን ለማዳመጥ ነበር። ጉሽ ወንዝ ታቹ አይታይም፤ ድምፁ ግን ይሰማል። ይህን ለጅቦ አልነገረችውም፤ አንድም የቀበሮን ምክር ሰምታ ነው፣ አንድም ጆሮዋ ራሱ ስለለመደው ማዳመጧን ልብ አላለችውም። ጅቦ ግን ፈጽሞ ሳይማር አልቀረም። አህዪት ስትቆም ግራ ጆሮዋ ላይ ሁልጊዜ ዝንብ ያርፍባታል፤ ጆሮዋን ሦስት ጊዜ ታራግፋለች። ከዚያ መንገዷን ትቀጥላለች። ጅቦ ይህን ሰርቆ አየ።

‹ይኸው! ምስጢሩ ግራ ጆሮ ነው› አለ በልቡ። ከዚያ በኋላ ያገኘውን ትርፍ ጊዜ ሁሉ ወንዙ ዳር ተቀምጦ ግራ ጆሮውን ሲያራግፍ ይውላል።

ነሐሴ ሊያልቅ ሰባት ቀን ሲቀረው እማማ በቅሎ ሳይጠሩ መጡ።

«አያ ጅቦ፣ ምን ተማርክ?»

ጅቦ ደረቱን ነፋ። «ሣር ማጨድ። ዝንብ ማባረር። ከፊት ሆኖ መከተል።»

«መልካውንስ?»

«እሱንማ ጨርሻለሁ!»

ወንዙ ዳር ሄዶ ቆመ። ዓይኑን ጨፈነ። ግራ ጆሮውን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አራገፈ። ከዚያ እንደ ሹም እየተጀነነ ወደ ውሃው ገባ፤ ከመግባቱም ሰመጠ። ከጅቦ ላይ የሚታይ ነገር ቢኖር አንድ ግራ ጆሮ ብቻ ነበር። እሱም አሁንም እየተራገፈ ነው።

እማማ በቅሎ ያንኑ ጆሮ በጥርሳቸው ይዘው ጎትተው አወጡት። ጅቦ የጠጣውን ውሃ ተፋ፤ ካሳለ በኋላ ቀና ብሎ አህዪትን አየ።

«አራት ጊዜ ነበር እንዴ?» አለ።

ዝንጀሮዎቹ ሳቁ። እማማ በቅሎ ግን አልሳቁም። ጅቦ ፀጉሩን ሊያደርቅ ሲሄድ ወደ አህዪት ዞሩ።

«ልጄ፣ ይህ ተማሪ የተማረውን ነው የሠራው።»

የአህዪት ጆሮዎች ወደቁ። ለቅሶዋ መጣ።

«እማማ፣ እፈራዋለሁ። ከኋላዬ ሲሆን እግሬ ይንቀጠቀጣል፤ እግሬ ሲንቀጠቀጥ ድንጋዩ አይሰማኝም። እሱን ባላስተምረው በአንበሳ አዋጅ እበላለሁ፤ ባስተምረው ደግሞ ትምህርት ላይ ሳለሁ እበላለሁ። ምን ላድርግ?»

«እንደምትፈሪው ነግረሽዋል?»

«ለጅብ? ‹እፈራሃለሁ› ብዬ?»

«መፍራትሽንማ ከሩቅ ያሸተዋል። የማያውቀው ምን እንዲያደርግልሽ እንደምትፈልጊ ነው። በይ፣ ነገ ጠዋት ነይ። ዐሥር ቀን ነው የቀረሽ።»

በማግሥቱ አህዪት ዋሻው ድረስ ሄደች። ዋሻው ክረምትም ቢሆን ደረቅ አቧራ አይጠፋውም። እማማ በቅሎ አቧራው መካከል ቆመው ጠበቋት።

«እኔ በዕድሜዬ አቧራ ላይ ተንከባልዬ አላውቅም እንበል። አስተምሪኝ።»

«ይህማ ቀላል ነው። በጎንዎ ይውደቁና ይንከባለሉ።»

እማማ በቅሎ በጎናቸው ወደቁ፤ ተንከባለሉ። ተንከባለሉ፣ ተንከባለሉ፣ በዋሻው አፍ ወጡ፣ በቁልቁለቱ ወረዱ፣ እሾህ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብተው ቆሙ።

«እማማ! ምነው?» ብላ አህዪት እየሮጠች ደረሰች።

«የት ጋ እንደምቆም አልነገርሽኝም» የሚል ድምፅ ከእሾሁ ውስጥ መጣ።

«ያውቁታል እኮ!»

«እኔማ አውቀዋለሁ። ጅቦ ግን አያውቀውም። በይ ይህን እሾህ ንቀይልኝና እንደገና ጀምሪ።»

ሁለተኛውን ቀን አህዪት ማድረግ ከመጀመሯ በፊት የምታደርገውን ሁሉ ጮክ ብላ እንድትናገር ታዘዘች። ‹አሁን ቀኝ እግሬን አነሣለሁ፤ አሁን እቆማለሁ።› እማማ በቅሎ ‹ለምን?› ሲሏት ያንኑ ደጋግማ ሠራችው። ቆይታ፣ ቆይታ፣ «እማማ፣ ለካ የምቆመው ለማዳመጥ ነው!» ብላ ራሷ ደነገጠች። ሦስተኛው ቀን ከሁሉ የከፋ ሆነባት። እማማ በቅሎ እያወቁ ወደ እሾሁ ይሄዳሉ፤ ለአህዪት ደግሞ እሾሁ አፍንጫቸውን እስኪነካ ድረስ መናገር ክልክል ነው። አህያ አፏን ዘግታ ሰው ሲሳሳት ማየት ምን ያህል እንደሚከብዳት እኔ አልነግራችሁም። ከንፈሯን ነክሳ ነክሳ አበጠ።

በአራተኛው ቀን ጅቦን ወንዙ ዳር ብቻውን አገኘችው። ግራ ጆሮውን እያራገፈ ነበር።

«አያ ጅቦ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እውነቱን ንገረኝ። ከኋላዬ ስትሆን ምን ታስባለህ?»

ጅቦ መሬት መሬት አየ። «ልንገርሽ?»

«ንገረኝ።»

«ምሳ።»

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ሁልጊዜ ግን አይደለም!» አለ ጅቦ ቶሎ ብሎ፣ «ከበላሁ በኋላ ስለ እራት ነው የማስበው።»

አህዪት አንድ እርምጃ ቀረበች። «እኔም እውነቱን ልንገርህ። እፈራሃለሁ። ሦስት ወር ያህል ፊቴ ያቆምኩህ ለዚህ ነው። አላስተማርኩህም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጅቦ ጆሮውን ማራገፍ ተወ። ከዚያ ድምፁን አሳንሶ፣ «እኔ ደግሞ ውሃ እፈራለሁ። ዋና አልችልም። ብናገር ያባርሩኛል ብዬ ነው» አለ።

ሁለቱ ፈሪዎች ጎን ለጎን ቆመው ወንዙን አዩት። አህዪት በዚያች ሰዓት ከቀበሮ ምክር በፊት ይህን ብጠይቀው ኖሮ ብላ ተቆጨች።

ተስማሙ። ጅቦ ቁርሱን ጠግቦ ሳይበላ ወንዝ ዳር አይደርስም። ከኋላም ከፊትም አይሄድም፤ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ እሱ በላይኛው በኩል፣ እሷ በታችኛው በኩል።

«ለምን አንቺ በታች?» አለ ጅቦ። ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ ልማድ ሆኖበት ስድብ ጠበቀ።

«እግርህ ቢያዳልጥህ ውሃው የሚወስድህ ወደ እኔ ነዋ። ጎኔ ይይዝሃል።»

ጅቦ በዕድሜው ወደ አንዲት አህያ ጎን በብዙ ምክንያት ተጠግቶ ያውቃል። ለዚህ ተብሎ ሲጠራ ግን የመጀመሪያው ነው።

«አሁን ስማ። ምን ይሰማሃል?» አለች።

«ውሃ።»

«እዚህ ጋስ?»

ጅቦ ጆሮዎቹን አቆመ። ዓይኑ ፈጠጠ። «እዚህ ጋ . . . አጥንት ሲቆረጠም ይመስላል!»

«እዚያስ፣ ከድንጋዩ ወዲያ?»

«እዚያ ዝም ብሏል። ማንም እየበላ አይደለም።»

«ሥራው በሙሉ ይኸው ነው ጅቦ። ውሃው ጠጠር ላይ ሲሄድ ይንኮሻኮሻል፤ እዚያ አይጠልቅም፣ ትረግጣለህ። ዝም ያለበት ጥልቅ ነው፣ አትገባም።»

«ይኸው ነው? ጆሮውስ? ግራው?»

«ዝንብ ነበር።»

«ዝንብ?» ጅቦ ግራ ጆሮውን በእግሩ ዳሰሰ። በልምምድ ብዛት ከቀኙ ወፍራም ሆኗል። «ዝንብ!»

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ጅቦ ደጋግሞ ተሳሳተ። አንዴ እንቁራሪት የሚጮህበትን መልካ ነው ብሎ ገባ፤ አንዴ እውነተኛ አጥንት አሸተተና ትምህርቱን ጥሎ ሄደ። አህዪት ውሃው ጉልበት እስኪደርስ ታየዋለች፤ ሲመለስ «ምን ሰማህ?» ትለዋለች እንጂ አትጮህበትም። በከንፈሯ ላይ ያለውን እብጠት ያየ ግን ምን ያህል እንደታገሠች ይገባዋል።

ጳጉሜን ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱ የንጉሡን እናት ለማምጣት ወደ ማዶ ተሻገሩ። ማዶ በሚገኝ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ነበር የተሻገሩት። ቀበሮም «እኔም እመቤታችንን ልቀበል» ብሎ አብሯቸው ተሻገረ። በማግሥቱ ሲነጋ ግን በደጋው የጣለው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ወርዷል፤ ወንዙ ጠቁሯል፣ ዋርካው ሥርም ድንጋዩ ተነቃቅሎ ሄዷል። ይህን ግን ከላይ ሆኖ የሚያይ አያውቅም።

እመት አንበሲት ጠጉራቸውን እያስተካከሉ ሳለ ቀበሮ ጅቦን ወደ ጥግ ሳበው። አህዪት ከሩቅ አየቻቸው። የሚሉት አልተሰማትም፤ የሚሉትን ለመገመት ግን አህያ መሆን ብቻ ይበቃል። እግሮቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ።

«አያ ጅቦ፣» አለ ቀበሮ፣ «ወንዙ መካከል ስትደርስ ዞር በል። ከሁሉ ኋላ ማን አለ? አህያ። አንበሳ ማዶ ነው፤ ጭጋጉን አየኸው? አሮጊቷም ዓይናቸው ደካማ ነው። ‹ውሃ ወሰዳት› ትላለህ። መሪው አንተ ብቻ ትሆናለህ። ለእኔ ኩላሊቷን ብቻ ተውልኝ።»

ጅቦ አሰበ። ጅቦ ሲያስብ ያስታውቃል፤ አፉ ይከፈታል፣ አንድ ዓይኑ ይጨፈናል። ቀበሮ ምራቁን እየዋጠ ጠበቀ።

«ቁርስ በልቻለሁ» አለ ጅቦ በመጨረሻ።

«ቁርስ? ስለ ቁርስ ማን አወራ?»

«ደግሞ ብበላት፣» አለ ጅቦ አሁንም እያሰበ፣ «ውሃው ሲወስደኝ ወደ ማን ይወስደኛል?»

ጅቦ ትቶት ወደ ወንዙ ወረደ።

ጭጋጉ ሲገፈፍ ሰልፉ ተደረደረ፤ ጅቦ ከፊት፣ እመት አንበሲት ከመካከል፣ አህዪት ከኋላ። ከወዲያ ማዶ ንጉሥ አንበሳና አገሩ ሁሉ ቆመዋል። ዝንጀሮዎቹ እንደ ልማዳቸው ቁርስ ይዘው መጥተዋል። ጅቦ ዋርካው ሥር ደረሰና ቀጥ አለ።

ቆመ። ቆመ። አልተንቀሳቀሰም።

«ምን ይጠብቃል?» ብሎ አንበሳ ከማዶ አገሳ።

አህዪት ሰምታለች። ዋርካው ሥር ያለው ውሃ ዝም ብሏል። ‹አይደለም ጅቦ፣ ወደ ታች!› ብላ ልትጮህ አፏ ድረስ መጣ። የእሾሁን ቁጥቋጦ አሰበችና ከንፈሯን ነከሰች። ልክ ያን ጊዜ ጅቦ ግራ ጆሮውን አራገፈ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

‹በቃ፣ ተበላሁ› አለች አህዪት በልቧ።

«ዝንብ ነው» አለ ጅቦ ዘወር ሳይል።

በዚህ መካከል ቀበሮ ዘሎ ከፊት ቆመ። «እመቤቴ፣ ይህ ደደብ መንገዱ ጠፍቶታል! ትናንት የተሻገርነው እዚሁ ነው። እኔን ይከተሉ!» ብሎ ሁለት እርምጃ ሄደ። ሦስተኛ እርምጃ አልነበረውም። ውሃው ዋጠው፤ ራቅ ብሎ ተፋው፤ እየተገለባበጠ ቁልቁል ወሰደው።

«አቋራጭ . . . አቋራጭ ነው የያዝኩት!» ሲል ተሰማ።

ጅቦ ግን ጆሮዎቹን አቁሞ ዳርቻውን ይዞ ወደ ታች ሄደ። ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄዶ ፊቱ በራ።

«አጥንት!» አለና ገባ።

እመት አንበሲት ወደ አህዪት ዘወር አሉ። «አጥንት ነው ያለው?»

«አይስጉ እመቤቴ፤ ጥሩ ምልክት ነው።»

ውሃው ጉልበት ደረሰ። መካከል ላይ አንድ ድንጋይ ከጅቦ እግር ሥር ተንከባለለ። ጅቦ ተንገዳገደ፤ ውሃው ደረቱን መታው፤ ወደ ታች ወሰደው፤ ወሰደውና ከአንድ ሞቃት ጎን ጋር አጋጨው። አህዪት በታችኛው በኩል መጥታ ቆማ ነበር። አልመራችም፤ አልተናገረችም፤ ቆመች ብቻ። እግሯ አልተንቀጠቀጠም። ጅቦ እግሩን አደላደለ፤ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አያትና መንገዱን ቀጠለ።

ማዶ ሲደርሱ አገሩ እልል አለ።

«እናቴ፣ ውሃ ጠጣሽ?» አለ አንበሳ።

«አንድ ጉንጭ እንኳ አልጠጣሁም! እንዲያውም ጠምቶኛል» አሉ እመት አንበሲት።

አንበሳ ሁለቱንም መሪዎች ብሎ አወጀ። አህዪት ተንበርክካ አመሰገነች፤ ጅቦ ግን ቆሞ ይጠብቃል።

«ሌላ ምን ፈለግህ?» አለ አንበሳ።

«አጥንቱን ነዋ ጌታዬ።»

«የምን አጥንት?»

ወሬውን የነገረው ማን እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አለው። ወሬኛው ቀበሮ ወንዙ መታጠፊያ ላይ ረጥቦ፣ ግማሽ አካል ብቻ መስሎ፣ ጅራቱን እየጨመቀ ነበር። አንበሳ ሳቀና ለጅቦ አንድ ትልቅ የጭን አጥንት አስመጣለት። ጅቦም እየቆረጠመ ሳለ አህዪት ዓይኗን ጨፍና ሰማችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ድምፅ አላስፈራትም።

በሚቀጥለው ሰኔ አንበሳ ለጅቦ ተለማማጅ ሰጠው። አንዲት ግልገል ፍየል ናት። ጅቦ ከሁሉ በፊት ማንም ሳይጠራው ሦስት ጠዋት ወደ እማማ በቅሎ ዋሻ ተመላለሰ፤ በአራተኛው ቀን ጀርባው ሁሉ እሾህ እንደሆነ ወንዙ ዳር ደረሰ። ፍየሏ እየተንቀጠቀጠች ቆማለች።

«አያ ጅቦ፣ በ . . . በየት በኩል ልከተልዎት?»

«ከጎኔ ነይ፤ በላይኛው በኩል። ውሃው ቢወስድሽ የሚወስድሽ ወደ እኔ ነው።»

ፍየሏ ይህን ስትሰማ ይብስ ተንቀጠቀጠች። ጅቦ ምን እንዳጠፋ አሰበ። አፉ ተከፈተ፤ አንድ ዓይኑ ተጨፈነ። ዳር ቆማ የምታይ አህዪት ልትነግረው ፈለገችና ከንፈሯን ነከሰች።

«አሃ!» አለ ጅቦ። «ቁርስ በልቻለሁ።»

ፍየሏ ቀስ ብላ ወደ ጎኑ መጣች።

ከዚህ የምንማረው ሥራን ጠንቅቆ ማወቅ ብቻውን አሠልጣኝ እንደማያደርግ፣ ተለማማጅ የሚረከብ ሁሉ አስቀድሞ ማሠልጠንን ራሱ ሊማር፣ ፍርሃቱን ሳይደብቅ ሊናገር፣ ተማሪው ቢያዳልጠው የሚይዝበት ጎን ላይ ሊቆም እንደሚገባው ነው።